የሄቲ መጠባበቂያ

ሄቲ መጠባበቂያ ዩኒቨርሲቲዋን አልፈልግም ብላ የሰረዘችው በሰኔ ነበር፤ ለአባቷ እንኳ ሳትነግር።

አንደኛ ምርጫዋ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ሌላኛው ጫፍ። የባሕር እንስሳት ማጥናት ከልጅነቷ ጀምሮ የምታልመው ነገር ነው። ውጤቷ ካልበቃ መጠጊያ እንዲሆናት የያዘችው ደግሞ እዚሁ ሰንደርላንድ፣ ከቤታቸው በእግር የሚደረሰውን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ያንን ነው የሰረዘችው። ፈተናው ካልቀናት ሜዳ ላይ እንደምትቀር ታውቃለች። ግን መጠባበቂያው በእጇ እስካለ ድረስ አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ብሎ እዚሁ እንደምትቀርም ታውቃለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት የቀሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው።

አባቷ ክላይቭ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሲበዛ ዝምተኛ። በፋሲካ ሰሞን የሚስቱን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማየቱን አልቻለውም ብላ ሄቲ ስታለቅስ አመሸች።

አንድ አርብ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝተው ሲበሉ ነገረችው።

«ሰረዝሽው?» ሹካው አፉ ዘንድ ደርሶ ቀረ። «በኋላ ብትፈልጊውስ?»

«ደውዬ መለመን ነዋ። ከተቀበሉኝ።»

«መንግሥት ለትምህርትሽ የሚሰጥሽ ብድርስ? አንዱን ትቻለሁ ስትዪ ብድሩንም እንዳይከለክሉሽ።»

«ብድሩ የተጠየቀው በፕሊመዝ ነው አባዬ። መጠባበቂያውን መተዌ አይነካውም። እዚህ የምቀር ቢሆን ነበር ማስቀየር ያለብኝ። ከቤት ለሚማር ደግሞ ቀነስ አድርገው ነው የሚሰጡት።»

«ስለዚህ ገንዘቡ ይመጣል።»

«ይመጣል።»

«የሚያስቀረው ነገር የለም?»

«ምንም የለም።»

ክላይቭ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣና ጀርባውን ሰጥቷት መስኮቱ ጋ ቆመ። ሄቲ አዘነችለት። ምስኪን፣ የሚያስቀራት ሰበብ ፈልጎ አጣ።

ከዚያ በኋላ ስለ ብድሩ መጠየቅ ሥራው ሆነ። ጸደቀ? ደብዳቤ መጣ? አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ክፍሏ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ምን ፈለግክ አባዬ?»

«ምንም። ክፍሉን እያየሁ ነው።»

ሐሙስ ሐሙስ ሸሚዙን ተኩሶ ወደ ሠራተኞች ክበብ ይሄዳል። ሲመለስ ከደጅ ያፏጫል፤ የእሷን መብራት ሲያይ ፉጨቱን ያቆማል። ቤት ሲገባ ነው ሐዘኑ የሚመለስበት ትላለች ሄቲ ለራሷ።

ጎረቤታቸው ሞሪን፣ የእናቷ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ላይ ጠራቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ምነው እንዲህ ጠቆረ? ሂጂ እንጂ! አባትሽ ሕፃን አይደለም። እኔም ብቅ እያልኩ አየዋለሁ።»

ሄቲ ተናደደች። ለሷ ምን አለባት፣ የሚቀረው የሷ አባት አይደለ።

በነሐሴ ውጤት መጣ። ፕሊመዝ ተቀበላት። ክላይቭ ሲሰማ አቀፋት፤ አልለቀቃትም።

«ገባሽ? አለቀ?» አላት እንባው እየወረደ።

«ገባሁ፣ አባዬ።»

ያ እቅፍ ነው የሰበራት። በማግስቱ ወደ ፕሊመዝ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሴት እርግጠኛ መሆኗን ደጋግማ ጠየቀቻት፤ አንዴ ከለቀቅንሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለቻት። ሄቲ ልቀቁኝ አለች። ሰንደርላንድ መልሶ ተቀበላት። ብድሩንም ቤት ሆኜ ነው የምማረው ብላ አስቀየረች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አባቷ ከሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ አልሄድም።»

«የት አትሄጂም?»

«ፕሊመዝ። ሰንደርላንድን መልሼ ያዝኩት። ብድሩንም አስቀይሬዋለሁ። ብቻህን አልተውህም።»

ክላይቭ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው ብላ እጁን ያዘችው።

«ፕሊመዞችን... ደውለሽ ብትለምኛቸውስ?»

«ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። አታስብ፣ አይቆጨኝም» አለች። ውሸቷን ነበር።

አባቷ እጁን ከእጇ አወጣ። ከዚያ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሄቲዬ፣ እኔና ሞሪን እኮ አብረን ለመኖር አንቺ እስክትሄጂ ነበር የምንጠብቀው።»