የቸኮላቱ ወረቀት

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት ክፍሏ ስትወጣ ጠረጴዛ ላይ ትታው የነበረው ቸኮላት ወረቀቱ ተቦጫጭቆ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል፤ ውሻዋም መሃሉ ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል። ክው አለች። ወዲያው የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወለች። «ምን ዓይነት ቸኮላት ነው?» አላት። «ጥቁሩ! አንድም አልተረፈም።» «ውሻሽ ስንት ኪሎ ነው?» ውሻውን አቅፋ ሚዛን ላይ ወጣች፤ ከዚያም ለብቻዋ ወጣች። ከድንጋጤዋ ብዛት መቀነሱ ጠፍቶባት ሁለቴ አሰላችው። «አምስት።»

ሶፋው ላይ የተቀመጡት አባቷ «ወተት ብንሰጠውስ?» አሉ በቀጭን ድምፅ። ሐኪሙ ሰማቸው። «ምንም እንዳትሰጡት! ለእሱ መርዝ ነው፤ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። አሁኑኑ ይዘሽው ነይ፣ በመርፌ እናስመልሰዋለን።» ውሻውን በፎጣ ጠቅልላ ወደ በሩ ስትሮጥ አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቆይ ልጄ፣ በከንቱ አይወጋ።» «አባዬ፣ ይሞትብኛል እኮ!» «አይሞትም። ቸኮላቱን የበላሁት እኔ ነኝ። እሱ ወረቀቱን ነው የላሰው።»

አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጣፋጭ የሚባል ነገር ከተከለከሉ ዓመት አልፏቸዋል። ሐኪሙ ገና ባልተዘጋው ስልክ ውስጥ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እንግዲያው ውሻውን እስከ ነገ ጠብቂው፤ ካስመለሰው ወይም ከተንቀጠቀጠ ደውዪልኝ። ለአባትሽ ግን ሌላ ሐኪም ፈልጊ» አላት። ውሻውን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለ። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ የስኳር መለኪያውን ስታመጣ፣ አባቷ ቀና ብለው ሳያዩዋት ጣታቸውን ዘረጉላት። ቁጥሩ ከፈራችው በታች ነበር።