አምስተኛዋ ሽምብራ

«አራት» ይላል ቆጣሪው ንጉሴ፣ ጣሳውን እያንቀጫቀጨ።

የኔነሽ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ ታለከልካለች። ላቡ ቀሚሷን ከጀርባዋ ጋር አጣብቆታል። በደንብ የሰማች አልመሰላትም።

«ምን አልክ?»

«እትዬ የኔነሽ፣ የእርስዎ ጣሳ ውስጥ ያለው አራት ሽምብራ ነው። አንድ ዙር ይቀርዎታል።»

ይቀርዎታል! ወይ ጉድ! አምስት ሽምብራ በግራ እጇ ጨብጣ ተነሥታ፣ መናፈሻውን በዞረች ቁጥር አንዷን ጣሳዋ ውስጥ ስትጥል ቆይታ፣ አምስተኛዋን ስትጥል መዳፏ ባዶ መቅረቱን በዓይኗ አይታለች። የእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሯጮች ደንብ ይኸው ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቅዳሴ ስለሆነ ረቡዕ ረቡዕ በማለዳ ይሮጣሉ፤ ዙሩን የሚቆጥርላቸው ሽምብራ ነው። ድሮ ጥሬ ነበር። ጥሬው ነቀዘ ብሎ፣ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የተቆላ ያመጣው ንጉሴ ራሱ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሃምሳኛ ረቡዕዋ ነው። ሃምሳ የሞላለት ሰው ስሙ ተጠርቶ፣ ስሙ የተጻፈበት አረንጓዴ ካናቴራ ይለብሳል። የኔነሽ በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ጀምራ የጨረሰችው ነገር የላትም። ከትምህርቱ፣ ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው ዳሯት። ሩጫውን ስትጀምር የባሏ ወንድሞች «ባልቴቷ ግልቢያ ያዘች» ብለው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ስቀውባታል። አሁንም አራት ላይ ልትቀር?

«አምስት ዞሬያለሁ!»

«ዞራለች» ይላል ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ራሺድ፣ ፊቱን በሻርፑ እየጠረገ። «አምስቱንም ዙር ጀርባዋን እያየሁ ነው የሮጥኩት። ወላሂ!»

«አቶ ራሺድ፣ የተስማማነው በሽምብራው ነው» ይላል ንጉሴ።

ሰዉ ከቧቸዋል። «አንድ ዙር ነው፤ ምን ያጨቃጭቃል?» ይላል አንዱ። «ሃምሳኛዋ ስለሆነ ቸኩላ ነው» ይላል ሌላው፣ እየሳቀ። የኔነሽ ጆሮዋ ድረስ ትግላለች። ንጉሴን ልክ ልኩን ልትነግረው ቀና ስትል መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ቀስ ብሎ፣ ተደብቆ። ከከንፈሩ ጥግ የሽምብራ ገለፈት ተለጥፏል።

አበስኩ ገበርኩ! ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሳያስበው ይሆናል፤ ቆሎ አጠገቡ ተቀምጦ እጁ አርፎ የሚቀመጥ የእስቴ ሰው የለም። ግን ይኸ ሰው እኮ ያለፈው ረቡዕ፣ አብራቸው የምትሮጠው ሰብለ ሦስተኛው ዙር ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ራሺድ ውኃ ቢያጠጣት፣ እዚሁ ቦታ፣ ሰው ሁሉ ፊት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መታገሥ ያቃታት ምን ልትሠራ ትመጣለች?» ብሎ ያስለቀሳት ነው! እሱው ነው አሁን ቆጣሪ ተብሎ የሰው ዙር የሚቆረጥመው።

ንጉሴ ዓይኗ የት እንዳረፈ ያያል። መንጋጋው ቀጥ ይላል። ፊቱ አመድ ይመስላል።

«ምናልባት... እኔ ተሳስቼ ይሆናል» ይላል ድምፁ ቀጥኖ። «አምስት ነው። አምስት ብዬ ልጻፈው፣ እትዬ?»

የኔነሽ በእውነት የተናደደችው አሁን ነው። ሰው ፊት አታላይ ካስመሰላት በኋላ፣ የገዛ ዙሯን ሊመጸውታት! አፏን ትከፍታለች። «አፉን እዩት» ብትል አለቀለት። ከማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ሰብለ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች፤ ዛሬ አልሮጠችም፣ ለማየት ብቻ ነው የመጣችው። የኔነሽ ያን ዕለት የሰብለ ፊት እንዴት እንደነበር ታስታውሳለች። ሌላ ሰው እዚሁ ቦታ እንደዚያ ሲሆን ማየት ያስጠላታል፤ ንጉሴም ቢሆን። ቃሉን ትውጠዋለች።

«በአንተ ቸርነት አልጨርስም!» ትላለች። «ዞሬ ስመጣ ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ።»

ትሮጣለች። ጎኗን ይወጋታል። በየእርምጃው ትራገማለች፤ ንጉሴን፣ የባሏን ወንድሞች፣ ከአራተኛ ክፍል ያስወጧትን ሁሉ። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ትሰማለች።

«ራሺድ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ምስክር አያሻሽም?» ይላል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ስትደርስ ሰዉ መንገድ ይለቅላታል።

«ቁጠር።»

«አም...»

«ቁጠር አልኩህ!»

ንጉሴ አንገቱን ይደፋል። «ስድስት።»

«አልሰማሁም።»

«ስድስት!»

ሳቁ ይፈነዳል። አምስት ዙር በሚሮጥበት መናፈሻ ስድስት ተብሎ ተቆጥሮ አያውቅም። «ንጉሴን ጾሙ ጎዳው!» ይላል አንዱ። የኔነሽ አረንጓዴውን ካናቴራ በላብ በራሰው ቀሚሷ ላይ ታጠልቃለች።

ሰብለ ብቻ አትስቅም። ከዛፉ ሥር ወጥታ ቀረብ ብላለች። የንጉሴን ከንፈር ትኩር ብላ ታያለች።