የጋሽ መቀስ ቼክ

«ሰርዝ» የሚለውን እጫናለሁ። ማሽኑ እንደ ወትሮው ይጠይቀኛል፦ የታተመው ቼክ በእጅዎ ነው? አዎ እለዋለሁ። ግራ እጄ ላይ ነው፤ ጫፉን በሁለት ጣት ይዤዋለሁ። ትንሽ ያስባል። ከዚያ ከስሙ ፊት ለፊት ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል፦ ታትሟል።

«አሁንስ?» ትላለች ልጅቱ።

«አሁንም እንቢ አለ።»

ከጠረጴዛዬ ማዶ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የወራሽነት ወረቀቷ እፊቴ ነው፤ ማኅተሙ ሙሉ፣ እንከን የማይወጣለት። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች። የሕክምናው ማስያዣ ዛሬ ካልገባ የቀዶ ጥገና ተራዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለዋታል፤ ያላቸው ደግሞ ይኼ የአባቷ የመጨረሻ ደሞዝ ብቻ ነው። አባቷ እዚህ ክፍል፣ እኔ ጎን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከሞተ ወር አለፈው። እኛ ሁላችን ቀብረነው መጣን፤ ሲስተሙ ግን አልሰማም፤ እንደ ልማዱ በስሙ ቼክ አተመለት። ያ ሳይሰረዝ ደግሞ በልጅቱ ስም ሌላ አይወጣም።

ማሽኑን ልፈትነው ብዬ ጠዋት አታሚው ያኘከውን የአንድ ሾፌር ቼክ አነሳለሁ። ሰርዝ። በእጅዎ ነው? አዎ። ወዲያው «ተሰርዟል» ይላል። ወደ አባቷ ቼክ ስመለስ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

«የሌላውን እሺ እያለ የአባዬን ብቻ?» ትላለች። «እሱም ቤት እንዲህ ነበር። ተነሥ ሲባል የማይነሣ።»

ልስቅ እልና እተወዋለሁ። ስልኩ ይጮኻል፤ የክፍሉ ኃላፊ ናት።

«ምን እያደረጋችሁ ነው እዚያ? ባንኩ እኮ ሊዘጋ ነው!»

«እትዬ፣ አልሰረዝ አለኝ።»

«ቼክ ነው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም የሚለመነው! ሰርዘው!» ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች።

ልጅቱ ቼኩን እንጂ እኔን አታይም። «አባዬ እንዴት ነበር የሚሰርዘው?»

«ለሁለት ሆነን ነበር» እላታለሁ። «አንዴ አንዱ፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ ብሎ ማሽኑ ላይ ሰረዘ። ለካ ወረቀቱ ወጥቶ ተመንዝሯል። ከዚያ ወዲህ አባትሽ ሕግ አወጣ። እኔ ቁጥሩንና ስሙን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እሱ ወረቀቱን ያነሣና ‹በእጄ ነው› ይላል፤ ፊርማ የሚያርፍበትን ጥግ በመቀስ ይቆርጠዋል። ያኔ እጫናለሁ። ጋሽ መቀስ ያልነው እኮ ለዚያ ነው።»

«ጋሽ መቀስ?» ከመጣች ገና አሁን ጥርሷ ታየ። «ቤት ውስጥ መቀስ ይዞ አይቼው አላውቅም። ጥፍሩን እንኳ የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ።»

ፈገግታው ቶሎ ይከስማል። «እንግዲያው ጥራው እንጂ።»

«ማንን?»

«እሱን። እንደ ልማዳችሁ።»

የሞተ ሰው ስም ጮክ ብሎ መጥራት ደስ አይልም። ግን ሰዓቱን አያለሁ፤ እሷን አያለሁ። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ቁጥሩን እጠራለሁ። ስሙን ከነአባቱ እጠራለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሲሄድ የነበረ ሰው ኮቴ ቀጥ ይላል። ማራገቢያው መዞሩን ሳያቆም ድምፁ ብቻ ይጠፋል።

«በእጄ ነው።»

ዝግ ያለ ድምፅ ነው፤ ሥራ የያዘ ሰው ቀና ሳይል እንደሚመልሰው።

«አንቺ ነሽ?»

«ምኑ?» ትላለች። «እኔ እኮ አንተ ያልክ መስሎኝ ነው።»

ግራ እጄን ለማየት ድፍረቱ ቶሎ አይመጣልኝም። ቼኩ አለ፤ አጥብቄ ከመያዜ የተነሣ ጣቶቼ ነጥተዋል። የፊርማው ጥግ ግን የለም። አልተቀደደም፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ቁርጥ ነው። ወለሉን አያለሁ፣ ጠረጴዛው ሥር አያለሁ። ቁራጩ የለም።

«ተጫን» ትላለች በሹክሹክታ። «ሐሳቡን ሳይቀይር።»

እጫናለሁ። ማሽኑ በእጅዎ ነው ወይ ብሎ እንኳ አይጠይቀኝም። ተሰርዟል።

ከዚያ በኋላ የሚያስቸግር የለም። የእሷን ስም አስገባለሁ፤ አታሚው አጉረምርሞ አዲሱን ቼክ ይተፋል፤ ኃላፊዋ ብቅ ትልና ሳታነበው፣ ቆማ ፈርማ ትሄዳለች። ልጅቱ በሁለት እጇ ትቀበለኛለች። የተጻፈው የእሷ ስም ነው፤ ቀጥሎ እንደማንኛውም ሰው የአባቷ።

ጣቷን በመስመሩ ላይ ልታስኬድ ትልና ትሰበስባለች። «እርጥብ ነው።»

«ሊሆን አይችልም። የእኛ አታሚ ቀለሙ ዱቄት ነው፤ ሲወጣም ደርቆ ነው የሚወጣው።»

ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የእሷ ስም ደረቅ ነው። የአባቷ ግን ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ያብረቀርቃል፤ ገና አሁን በብዕር የተጻፈ ይመስላል።

«አትንኪው» እላታለሁ። «ከተጨማለቀ ባንኩ አይቀበልሽም። እንደገና ልንሰርዘው ነው።»

«ሁለተኛማ አንሰርዘውም።»

ቼኩን ዳር ዳሩን ይዛ፣ እስከ አፉ የሞላ ውኃ እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብላ ትነሣለች። በሩን በክርኗ ትገፋዋለች። ከኋላ አያታለሁ፤ በኮሪደሩ ስትሄድ አንገቷን ደፍታ፣ ጉድፍ የገባበትን የልጅ ዓይን እፍ እንደሚሉት፣ የአባቷን ስም እፍ ትለዋለች።