የዚነት ክር

ጁሃር ወገዳ ገበያ ላይ ብርጭቆ ሲሸጥ አረጀ፤ የየት አገር ሥራ እንደሆነ የምትለይለት ግን ልጁ ዚነት ነበረች። ብርጭቆው ላይ የተቀረጸውን ኮከብ በአውራ ጣቷ ትዳብስና ስለት ካለው «የቼክ የእጅ ሥራ ነው» ብላ፣ ቀይ ክር በምራቋ አርሳ እግሩ ላይ ታስርበታለች። ከሞተች ሦስት ወሯ ነው።

ትናንት ከአስመራ ተቸንክሮ የመጣው ሣጥን ሳይከፈት፣ ወይዘሮ ዘርፌ ለሠርግ ብርጭቆ ሊገዙ መጡ።

«የቼኩን ምረጥልኝ።»

«የምትመርጥልኝን አፈር አለበስኳት፣ እመይቴ።»

«እግዜር ያጥናህ። እስቲ ክፈተውና አብረን እንየው።»

ምስማሩን ነቅሎ ገለባውን ገለጠ። ገለባው ክው ብሎ ደርቋል።

«ይኸውልህ፣ ክር የታሰረበት!» አሉ ዘርፌ።

ጁሃር ክሩን በጣቱ ነካው። እርጥብ ነበር።