እማማ ሀሁ አረፉ

የእማማ ሀሁን ሞት ከሁሉ ቀድመው ያወቁት የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። እሳቸው ለማንኛውም ነገር መጨረሻ የሚደርሱ ሰው ነበሩ፤ ለዚህኛው ግን ቀደሙ።

የመጡት ለሐዘን አልነበረም። አናጢና ሜትር ይዘው የጎልማሶች መማሪያ ክፍሉን ሊለኩ ነው። ክፍሉ የማኅበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩ ለዕቃ ማስቀመጫ ከፈለጉት ቆይተዋል። እማማ ሀሁ ደግሞ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ በነጻ ፊደል ያስቆጥሩበታል። «እኔ በቁሜ ሳለሁ ይቺን ክፍል ማንም አይነካትም» ብለው ሊቀመንበሩን ስንቴ አሳፍረው መልሰዋቸዋል።

ታዲያ ያን ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ በተንጋደደ እጅ፣ እንዲህ ተጽፎ ተገኘ፦

«ቲቸር አርፍ ዋል»

ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ምን ይላል ጋሼ?» አለ አናጢው።

«አርፈዋል ነዋ የሚለው። ተማሪ ነው የጻፈው፣ ፊደሉን ስቶታል።»

«መሃሉስ ምነው ተከፈተ?»

«በሐዘን እጁ ተንቀጥቅጦ ነው እንጂ! አንተ ደግሞ፣ ልብ የለህም?»

የተማረ ሰው ስሕተት አይቶ አያልፍም። ጠመኔ አነሱና «ፍ»ን አጥፍተው «ፈ» አደረጓት። ከዚያ አለቀሱ። አናጢው ሜትሩን ሊያጥፍ ሲል ግን «አይ፣ እሱን ጨርስ» አሉት፣ መሐረባቸው ውስጥ እንዳሉ።

ማስረጃ ከተባለ ሞልቷል። የትምህርቱ ሰዓት ደርሶ እማማ ሀሁ የሉም። እሳቸው ደግሞ ከተማሪ ቀድመው ገብተው፣ «ያረፈደ ውጭ ይረፍ» ብለው በር የሚዘጉ ሴት ናቸው፤ ዝናብ የመታው ተማሪ ሁሉ ምስክር ነው። ስልካቸው ተሞከረ፤ ዝግ ነው። በትምህርት ሰዓት ስልክ ከፍተው አያውቁም፤ ያም ሆኖ ዝግ መሆኑ ሁሉንም አስደነገጠ።

ክፍሉ በተማሪና በጎረቤት ለቅሶ ሞላ። የልጅ ልጃቸው ከሥራዋ እየሮጠች መጣች።

«ጠዋት እኮ ደህና ነበረች! ሰው ሠራሽ ጥርሷን ልትቀይር ጥርስ ሐኪም ጋ ነው የወጣችው!»

«ጥርስ ሐኪም!» አለ ዘበኛው፣ እሱም ተማሪ ነው። «በቃ፣ ተገኘ። እኔ ድሮም አላምናቸውም። አፍህን አስከፍተው ነው የሚጨርሱህ።»

ወዲያው ሁሉም ስለ ጥርስ ሐኪም የሚያውቀው ክፉ ነገር ትዝ አለው።

«አስከሬኗ የት ነው?» አለች የልጅ ልጅ።

«እሱን ኮሚቴው ያጣራል» አሉ ሊቀመንበሩ። «አንቺ ቁጭ በይ የኔ ልጅ።»

ልትወጣ ስትል ያዟት። ሐዘንተኛ ብቻውን አይሄድም ተባለ። አብሯት የሚሄድ ግን ጠፋ፤ ንግግር ሊጀመር ነዋ።

በዚህ መሃል እመጫቷ ልጇን አስከትባ ተመለሰች። ከተማሪዎቹ አንዷ ናት፤ ልጅ ከወለደች ጀምሮ ስሟን የጠራው የለም። የልጁ ብርድ ልብስ ጠመኔ ነክቶታል።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ቲቸር ሞቱ!»

«ውይ! ጠዋት በስልክ አናግሬያቸው ነበር እኮ! ደህና ነበሩ!»

«ሞት መቼ ቀጠሮ ያከብራል፣ እህቴ» አሉ ሊቀመንበሩ።

እመጫቷ ሰሌዳውን ሰርቃ አየች፤ የታረመችውን ፊደል ስታይ አፈረች። ከዚያ እሷም አለቀሰች። የተማረ ሰው ሞቱ ካለ ሞተዋል።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው» አሉ። እውነት ነው፤ በር እየተዘጋባቸው ብዙውን ጊዜ በመስኮት በኩል ነው የቆጠሩት። «የታመመ ጠያቂ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ ለእኔም እንደ እናት ነበሩ።» ባለፈው ሳምንት «ችኮ አሮጊት» ያሏቸው ሴት እኚሁ ነበሩ።

የልጅ ልጅ ግን አጭር ነው የተናገረችው። «ልጅ ሆኜ ጫማ አዘዋውሬ አደርግ ነበር። በግራው ውስጥ «ግ»፣ በቀኙ ውስጥ «ቀ» ጻፈችልኝ። እኔ ማንበብ የጀመርኩት በእግሬ ነው።»

«ስለዚህ» አሉ ሊቀመንበሩ ቶሎ ብለው፣ «ክፍሉም ከእሳቸው ጋር ይረፍ። እሳቸው በሌሉበት ማስተማር ድፍረት ነው።»

«እኔስ ጋሼ?» አለች እመጫቷ። «የልጄን ሽሮፕ ማን ያነብልኛል? ባለፈው የሳሉን ትቼ ሌላ ልሰጠው ስል እኮ እሳቸው ናቸው የደረሱልኝ። ሌሊት በሳለ ቁጥር ጠርሙሱን ይዤ ነው የምንቀጠቀጠው። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ምን ቀረሽ?»

«‹ደ›። የ‹ደ› ቀን ልጄን አሞት ቀረሁ። ስጽፍ ቦታዋን ክፍት ነው የምተውላት፣ ቲቸር ይሞሉልኛል።»

ሊቀመንበሩ አዘኑላት። «አይዞሽ እህቴ፤ በአንድ ፊደል ጉድለት የሞተ ሰው የለም።»

«ክፍሉ እንዲዘጋ የምትደግፉ እጅ አውጡ» አሉ ቀጥለው። ራሳቸው ቀድመው አወጡ። አናጢው ከነሜትሩ አወጣ። ሌላውም ጎን ለጎን እየተያየ እጁን ከፍ ማድረግ ጀመረ፤ ከሐዘንተኛ ጋር ክርክር ነውር ነው። እመጫቷ ብቻ ሁለት እጇን ልጇ ላይ ቆልፋ ቀረች።

በሩ ተከፈተ፤ እማማ ሀሁ አዲሱን ጥርሳቸውን ነክሰው የተሰቀሉትን እጆች አንድ በአንድ አዩና፣ ወደ ሰሌዳው ሄደው የሊቀመንበሩን «ፈ» በመዳፋቸው ጠርገው «ፍ» ጻፉ፤ አጠገቧ ያለችውን ባዶ ቦታም በ«ደ» ሞሏት።