ሰማያዊው ጫማ የተሰቀለበት ቤት

ከትልቁ ቃጠሎ ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት አልፏል። መሀል ሎንዶን እንደገና በጡብ ተሠርቷል፤ በወንዙ ዳር ያለው የዋፒንግ ሰፈር ቤቶች ግን ዛሬም እንጨት ናቸው። እንደ ሰካራም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

የታምሲን ቤትም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ጫማ ሰፊው ባሏ ሲሞት ያንን ቤትና ከበሩ በላይ የሚንጠለጠል ሰማያዊ የእንጨት ጫማ ትቶላታል። ቤቷ የት እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ «ሰማያዊው ጫማ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት የለም።

ጓንት ሰፍታ ታድራለች። ሐሙስ ሐሙስ የሰፋችውን ይዛ የቴምዝን ወንዝ ትሻገራለች። የሚያሻግራት ሳምፕሰን የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ነው። ክንዱ ላይ የናስ ባጅ አለ፤ አዲሱ የእሳት መድን ቢሮ እሳት ሲነሣ ፓምፕ እንዲገፉለት ከቀጠራቸው ጀልበኞች አንዱ ነውና። ቢሮው ውሃ የሚያፈሰው መድን ለገባ ቤት ብቻ ነው፤ ያንንም ቤት ግድግዳው ላይ በሚመታ የእርሳስ ብረት ሰሌዳ ይለያል። መድን ግቢ እያለ የወተወታት እሱ ነው። በሌላም ነገር ይወተውታታል።

«ቤትሽ የምታስገቢኝ መቼ ነው?»

«ባል የሞተባት ሴት ደጅ ወንድ ከቆመ ሰፈሩ እስከ ፋሲካ ወሬ አያጣም። ከወንዙ ደረጃ ወዲያ እንዳትከተለኝ። የመድኑ ሰሌዳ ግድግዳዬ ላይ የሚመታ ቀን ትገባለህ።»

«እንግዲያው መዶሻውን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ባሏ ከሞተ በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

መድኑን ገባች። የቱ ቤት ነው ሲሏት እንደ ልማዷ «ሰማያዊው ጫማ» ብላ አስጻፈች። ወረቀቱን ሰጧት፤ የእርሳስ ሰሌዳው ግን ገና ቀልጦ አልተሠራም አሏት። ለሰኞ ተባለ፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ሰኞ። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ይዛ ጎረቤቷ ዶርካስ ዘንድ ሄደች። ዶርካስ ቄስ ቤት አገልግላ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። እሷ ራሷ መድን አልገባችም፤ እግዜር ያልጠበቀውን እርሳስ አይጠብቀውም ባይ ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችላት፤ አንዱን ቦታ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጥፋ መለሰችላትና ቢራ ቀዳችላት።

በሦስተኛው ቀን ዶርካስ መጣች። ጫማ ሰፊ የሆነ አማቿ ከኬንት መጥቶ የፊት ክፍሏን ሊይዝ ነው አለች። ምልክት ከሌለው ማን ያየዋል? ያንቺ ሥራ ፈትቶ ነው የተንጠለጠለው፤ ጓንት ለሚሰፋ ሰው ጫማ ምን ያደርጋል አለቻት። ታምሲን ቀና ብላ ጫማውን አየች፤ የባሏ የእጅ ሥራ ነው። ግን ዶርካስ ባሏ ሲያጣጥር አብራት አድራለች። እንቢ አይባልም። ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ አወረደችው፤ ዶርካስ በር ላይም ራሷ ሰቀለችው።

አማቹ መንገዱ ጭቃ ሆነበት ተብሎ ቀረ።

በሐሙሱ ታምሲን ከወንዙ ማዶ ሳለች በዋፒንግ በኩል ጭስ ተነሣ። የሳምፕሰን ጀልባ ደረጃው ላይ የለም። ያሻገራት ሽማግሌ ከቤቶቻችሁ ጀርባ ያለው ዳቦ ቤት ነው የነደደው፣ ባለባጆቹ ሁሉ ወደዚያው ሮጠዋል አላት።

«ሳምፕሰን ካለ ግድ የለም» አለች።

ስትደርስ ከቤቷ የቀረው የጭስ መውጫው ብቻ ነበር። የዶርካስ ቤት ግን ውሃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ሳምፕሰን ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ የቆዳውን ቱቦ አቅፎ፣ እጅጌው እየተቃጠለ ውሃ ጨምሩ እያለ ይጮኻል። በእሷ በኩል አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። እሱ አላያትም። እሷም አልጠራችውም፤ የእሷ ቢጤ ለምኖ አያውቅም።

ዶርካስ ጓዳዋን ለቀቀችላት፣ ቀሚስ ሰጠቻት፣ አለቀሰችላትም። «ጮኼ ለመንኩት፣ እቱ» አለቻት። «‹ዞር በይ፣ የቱ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ› አለኝ።»

ታምሲን የመድኑ ቢሮ ድረስ ሄጄ ልሟገት አለች። ዶርካስ ከለከለቻት፤ ፊደል የማታውቅ ሴት ይስቁባታል፣ እኔ ልሂድልሽ አለች። ሄዳ ራሷን እየነቀነቀች ተመለሰች። «‹ቤቱ ቆሟል፤ ምን ትፈልጋለች?› ነው ያሉኝ።» ታምሲን ስድብ መሰላት። እንዳትሟገት ወረቀቱም ከቤቱ ጋር ነዷል።

ሳምፕሰን ሦስት ጊዜ መጣ። በር የከፈተችለት ዶርካስ ናት። ፊትህን ማየት አትፈልግም ስትለው ታምሲን ከጓዳ ትሰማለች። እውነቷን ነው፣ አትፈልግም። ክሯን በጥርሷ ትበጥስና ስፌቷን ትቀጥላለች። ሐሙስ ሐሙስ ጀልባ ትታ በእግሯ እስከ ድልድዩ ድረስ ዞራ መሻገር ጀመረች፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። እሳት እሳት ነው፣ ማንንም አይለይም። ያ ሰው ግን ለይቶ ነው ያቃጠላት።

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ ዶርካስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለች በሩ ተንኳኳ። ታምሲን የምትለውን ስድስት ሳምንት ሙሉ ስታዘጋጅ ከርማለች። ከፈተች።

ሳምፕሰን ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ከእንግዲህ መቅዘፊያ አይጨብጥም። በግራው የእርሳስ ሰሌዳና መዶሻ ይዟል። እሷ አፏን ሳትከፍት፣ እሱ ከበሩ በላይ ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ።

«ሰማያዊው ጫማ ጫፉ እንኳ አልተለበለበም» አለ፤ «አሁንስ ቤትሽ ታስገቢኛለሽ?»