የጎፈሬው ቀጠሮ

ሚስቱ መጠርጠር የጀመረችው፣ ጎፈሬው ፀጉሩን መቆረጥ ያቆመ ጊዜ ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ የሥራ ቆብ ራሱ ላይ አልገባ ብሎት ሲታገል አይተው። ድሮ ካልተጨቀጨቀ ማበጠሪያ የማያነሳ ሰው፣ አሁን ማንም ሳይነግረው ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ማጅራቱን እየዳበሰ ይገላበጣል።

«ለማን ነው እንዲህ?» አለችው አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ አድርጋ።

«ለራሴ ነዋ» አለና ሳቀ። ሳቁ አላማራትም።

እሷ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሃል ቆማ የሰው ሸሚዝ ስታገላብጥ፣ ልቧ ቤቷ ነው። አንዱን እጅጌ ደግማ ትተኩሳለች፣ ሌላውን ትዘለዋለች። ላቡ ከሻሿ ስር እየወረደ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ በክንዷ ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች። የሱን ሸሚዝ ግን ቤት ስታጥብ፣ ኮሌታውን ሳታሸት አታልፍም። ሽቶ የለም። ምንም የለም። ይሄ ደግሞ ይብስ አስጨነቃት።

ምን እንዳጎደለችበት ማወቅ አቃታት። ጠዋት ከሱ ቀድማ ትነሳለች፤ ትራሱን ታራግፋለች፣ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ጥርግ አድርጋ ትጠርጋለች፤ እሱ ዓይኑን ሲገልጥ ቤቱ ጥርት ብሎ ይጠብቀዋል። እሱ ግን ገበታ ላይ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ይቆይና፣ ቀና ስትል ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። የሆነ ነገር አፉ ላይ ደርሶ የሚውጠው ይመስላል።

አንድ እሑድ ከኋላዋ መጥቶ አቅፎ ሊስማት ሲል፣ «ተው፣ ራሴን አሞኛል» ብላ ሸሸት አለች። ከዚያ ወዲህ እጁን ሰበሰበ። የገፋሁት እኔው ነኝ ትላለች፣ ለብቻዋ ስትሆን።

ከዚያ ደግሞ ስልኩ መጣ። በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲንሾካሾክ ሰማችው።

«እሺ እህቴ፣ ሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ። ቤት ስሆን ግን እንዳትደውይልኝ፣ አደራ። ባለቤቴ መስማት የለባትም።»

ለታላቅ እህቷ ደወለች። እህቷ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ የባሎችን ነገር ከደንበኞቿ አፍ ስትሰማ ነው የምትውለው።

«ሴት ናት» አለች እህትየዋ፣ ለአፍታም ሳታስብ። «ወንድ በዚህ ዕድሜው ማጌጥ ከጀመረ፣ ሴት ናት።»

«እሱ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም፣ እስኪያዝ ድረስ። ይልቅ እኔ ጋ ነይ። ከጠፋሽ ስንት ጊዜሽ! አሳምሬ ልሥራሽና እሷን ኩም አድርጊያት።»

«ጊዜ የለኝም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሐሙስ ዕለት አሞኛል ብላ ከሥራ ወጣች። ከባሏ መሥሪያ ቤት ማዶ፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ጀርባ ቆማ ጠበቀችው። ጎፈሬው ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ግራ ቀኙን አየ። እየተቻኮለ ነው፤ እሷም ልቧ እየዘለለ ተከተለችው። አንድ ፎቅ ውስጥ ገባ፣ ደረጃውን ወጣ፣ የመስታወት በር ከፈተ።

በሩ ላይ «የፀጉር ንቅለ ተከላ ሕክምና» ይላል። ግድግዳው ሞልቶ የተለጠፈው የወንዶች ፎቶ ነው፤ በግራ በኩል ራሰ በራ፣ በቀኝ በኩል ፀጉራም። እሷ በመስታወቱ በኩል እያየች ግራ ገባት። ጎፈሬው እዚህ ምን ጎደለኝ ብሎ ነው?

መልሱ ከጠረጴዛው ጀርባ ብድግ አለ። ወጣት ናት። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ወርዷል። ሚስቲቱ ዓይኗን ከዚያ ፀጉር ላይ መንቀል አቃታት።

«መጣህልኝ? ዛሬም ትቀራለህ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች ልጅቷ።

እሱም ፈገግ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ከጠፋ የቆየ ፈገግታ። ተያይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ።

ሚስቲቱ የመስታወቱን በር ገፋ አድርጋ ገባች። የውስጠኛው በር ገርበብ ብሏል። እጀታውን ያዘች፣ መልሳ ለቀቀችው። የሽማግሌ ድምፅ ሰማች። ሐኪሙ መሆን አለባቸው።

«ባለቤትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አለ ባሏ። «ብታውቅ በሀፍረት ትሞታለች።»

እንባዋ መጣ። ይሄን ያህል ታዲያ ምን ቢያደርግ ነው?

«ቀላል ነገር እንዳይመስልህ» አሉ ሐኪሙ። «ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ፊት ያብጣል። ከማጅራትህ ነቅለን የወሰድንበት ቦታ ተመልሶ አይበቅልም፤ ጠባሳ ነው የሚቀርልህ።»

«ይቅርልኝ።»

«የሚተከለውም ቢሆን መጀመሪያ ይረግፋል። እስኪበቅል ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ጨርሶ የማይዝም አለ።»

«እንጠብቃለን።»

እንጠብቃለን! እሱና ማን? ደሟ ፈላ። ልጅቷ ስትስቅ የሰማች መሰላት። ሳቅ ይሁን ሳግ መለየት አልቻለችም፤ ግድም አልሰጣት። ፊት ለፊት ልትጋፈጣቸው፣ የሚዋረደውም ከተዋረደ ይዋረድ ብላ እጀታውን ጨበጠችና በሩን በረገደችው።

ሐኪሙ ጀርባቸው ወደ በሩ ስለነበር አላዩዋትም፤ የጎፈሬውን ትከሻ ያዝ አድርገው ንግግራቸውን ቀጠሉ።

«እኔ እኮ አልሠራም የምልህ ጨክኜ አይደለም፣ ልጄ፤ ያንተ ፀጉር በሚስትህ ራስ ላይ አይበቅልም።»